አባ ፍቺ ለምን በእንግዳ ወንበር ሞተ?

የመዝገበ ቃላቱ ዋና አዘጋጅ የሞተው በገዛ ቢሮው፣ በሰው ወንበር ላይ ነበር። ለእንግዳ በተዘጋጀው ወንበር ላይ ሆኖ ደረቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሏል፤ ቀኝ እጁ ወደ ማዶ ተዘርግቶ ጣቶቹ የጠረጴዛውን ጠርዝ እንደ ጨበጡ ደርቀዋል። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ መነጽሩ ከእግሩ ሥር ወድቋል። ጠዋት በሩን ከፍታ ያገኘችው ወጣቷ አዘጋጅ መጀመሪያ ያንቀላፋ መስሏት «ጋሼ፣ ሻይ ላምጣ?» ብላው ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው «አባ ፍቺ» ይለዋል። ለቃላት ፍቺ ሲሰጥ ዕድሜውን ጨርሷላ! ሚስቱ በዚህ ስም ስትስቅ ኖራለች፤ «ቅጽል ስሙን የሰማ ሁሉ ልንፋታ ነው ብሎ ያዝንልናል» ትላለች። ዛሬ ግን እቤቷ ሆና ታለቅሳለች፤ የሚስቅም የለም።

መርማሪዋ የደረሰችው ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ነው። ጠና ያለች፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «እማማ ለምን» ብለዋታል። ጠዋት ባሏን ሳይቀር «ለምን ነቃህ?» ትለዋለች ይባላል። ሐሜት ነው፤ ግን ያምርባታል።

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ደረጃው ላይ ተቀበላት።

«ብዙም አትድከሚ፤ አልቋል። ገዳይዋን ታች አስቀምጫታለሁ።»

«ማን ናት?»

«አራሚዋ። ሬሳውን ስታይ ‹ትናንት ልጄን ታጣቂ ሲላት ሰምቼ ትንፋሽ ያሳጣህ ብዬ ረገምኩት!› ብላ ጮኸች። ሁሉም ሰምቷል። ሰውየው አስም ነበረበት፤ የሞተውም ትንፋሽ አጥቶ ነው።»

«እርግማን የሚገድል ቢሆን ኖሮ አንተም እኔም ለዚህ ዕድሜ አንበቃም ነበር።»

«ትቀልጃለሽ! የማን እናት እንደሆነች ብታውቂ አትቀልጂም ነበር። የዚያች የታጣቂዋ እናት ናት።»

ነገሩ ወዲህ ነው። የአራሚዋ ልጅ ጠብመንጃ ጨብጣ አታውቅም። የቆዳ ፋብሪካው የሚለቀው ቆሻሻ ወንዙን በክሎ የሰፈሯን ሕፃናት ገላ ሲያቆስል አየች፤ አቤት ብላ የሚሰማት ስታጣ ከጓደኞቿ ጋር ሄዳ ራሷን በፋብሪካው በር ላይ በሰንሰለት አሰረች። የጭነት መኪና አላሳልፍም አለች። የሥራ አስኪያጁን ስብሰባ በድምፅ ማጉያ በጠበጠች። አንድ የውጭ አገር ጋዜጣ ስለ እሷ ሲጽፍ በእንግሊዝኛ «ሚሊታንት» አላት። ጽሑፉ ለፍርድ ቤት ሲተረጎም ያ ቃል «ታጣቂ» ሆኖ ቀረበ፤ ታጣቂ መባል ደግሞ ዕድሜ ልክ ያሳስራል። ዳኞቹ ቢቸግራቸው የቃሉ ትክክለኛ ፍቺ ምን እንደሆነ ከመዝገበ ቃላት ቤቱ ሰው ተልኮ እንዲነግራቸው ጠየቁ። ቀጠሮው ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው። ሊሄድ የነበረው አባ ፍቺ ነበር፤ እሱ ስለሞተ የሚሄደው ምክትሉ ነው። ምክትሉ ደግሞ ቃሉ «ታጣቂ» ነው ከሚለው አቋሙ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

መርማሪዋ ቢሮውን በቀስታ ዞረችው። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው የዋና አዘጋጁ ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቷል። ከጠረጴዛው ሥር መኖር የነበረበት የእግር ማሳረፊያ ሳጥን ግድግዳው ጥግ ተጥሏል። ሟቹ አጭር ሰው ነው፤ ያለዚያ ሳጥን ተቀምጦ ቢሠራ እግሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል።

«ይህን ሳጥን ማን ገፋው?»

ማንም አላወቀም። ጎንበስ ብላ ከወንበሩ በኩል ያለውን መሳቢያ ሳበች፤ ተቆልፏል። ቁልፉ ደግሞ የለም። አዛዡ በብረት ፈልቅቆ ከፈተላት። ከላይ፣ ለዓይን በሚታይ ቦታ፣ ወደ አፍ የሚረጨው የአስም መድኃኒቱ ተቀምጧል።

«በሽተኛ ሰው መድኃኒቱን ለምን ይቆልፍበታል?» አለች።

«ረስቶት ይሆናላ።»

«ነፍሱን ረስቶ? ይሁን እስቲ።»

አራሚዋን ያገኘቻት በሥራ ክፍሏ፣ ገና እርማት በሚጠብቁ ገጾች መካከል ተቀምጣ ነው። ዓይኗ አብጧል። ከአንድ ፖሊስ ጋር ብቻቸውን ተፋጠዋል፤ እሱን ወደ ውጭ ሰደደችው።

«ትናንት ምን ሰማሽ እህቴ? አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

«ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ ቀረሁ። ጋሼን ለነገው አደራ ልለው ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ሲጮህ ሰማሁት። ‹ታጣቂ ነች! ቃሉ ራሱ ከወታደር የወጣ ነው፤ ወታደር ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም!› ይላል። ስለ ልጄ እኮ ነው! ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፊደል ያስቆጠራት ሰው!»

«ለማን ነው የሚጮኸው?»

«ውስጥ ሌላ ሰው ነበር። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ‹ሥሩ ወታደር ቢሆን ቅርንጫፉ ብዙ ነው› አለ። ‹ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጠን ብለው መስኮት ሲሰብሩ ሚሊታንት ተብለዋል። ሥራ አስቁሞ በር የሚዘጋ የሠራተኛ ማኅበር መሪም ይባላል። በርግጥ መሣሪያ ያነሳውንም ይሉታል፤ ግን ቃሉ የሚናገረው ሰውየው የያዘውን ነገር ሳይሆን እንዴት አጥብቆ እንደያዘው ነው። ወዳጁ ሲለው ሙገሳ፣ ጠላቱ ሲለው ስድብ ነው› አለ።» እንባዋ ወረደ። «ስለ ልጄ እንደዚያ አድርጎ የተናገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ማንም ይሁን ማን፣ እግዜር ይስጠው።»

«ድምፁን አለየሽውም?»

«በሩ በስፖንጅ የተለበጠ ነው። ጋሼን ስለጮኸ ለየሁት፤ የሌላውን ግን ጆሮዬን ለጥፌ እንኳ ቃሉን እንጂ ባለቤቱን አልለየሁም። ከዚያ ጋሼን ረግሜው ሄድኩ። ምላሴ ይቆረጥ!»

«ሁለቱ አለቆችሽ፣ እሱና ምክትሉ፣ ይጣሉ ነበር?»

«በየቀኑ! ጩኸታቸው እዚህ ድረስ ይሰማል። አመሻሹ ላይ ግን ተያይዘው እየሳቁ ይወርዳሉ። እኛም ሰልችቶን ‹ደግሞ ጀመሩ› ብለን እንተዋቸዋለን።» ድንገት የመርማሪዋን እጅ ያዘች። «እትዬ፣ እኔ ገደልኩት ብልስ? እኔን ወስደው ልጄን ይተዉልኛል?»

«ይብሳል እንጂ። ‹እናቷም ነፍሰ ገዳይ ናት› ብለው ይጨምሩባታል።»

ሴትየዋ እጇን ለቀቀቻት። ጭንቅላቷን ገጾቹ ላይ ደፋች፤ መርማሪዋም ለማጽናናት የሚሆን ቃል አጥታ ቆማ አየቻት። እዚህ ቤት ቃል ጠፍቶ አያውቅም ነበር።

ምክትሉ ቀጥ ያለ፣ ረጅም ሰው ነው፤ በር ሲያልፍ ከልማድ የተነሣ አንገቱን ይሰብራል። የተቀመጠውም ጉልበቱን ወደ ጎን አዙሮ ነው።

«ትናንት ሲመሽ የት ነበሩ?»

«ምድር ቤት፣ አሮጌ ጋዜጦቹ ዘንድ። ብቻዬን ነበርኩ። ይህ ያስጠረጥረኛል መሰለኝ።»

«ብቸኝነት ወንጀል አይደለም። ከሟቹ ጋር በዚህ ቃል አልተስማማችሁም አሉ?»

«አልተስማማንም ነበር። በመጨረሻ ግን ልቡ ተመልሷል። ቃሉ ታጣቂ መሆኑን አምኗል፤ አራሚዋ ራሷ በጆሮዋ ሰምታዋለች እኮ! ምስክሯ የገዛ አፏ ነው። እኔም ዛሬ ለዳኞቹ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ የሟቹም የመጨረሻ ቃል እንደሆነ ጨምሬ።»

«ያሳዝናል። ልጅቷን ያውቋታል?»

«ትንሽ ሆና እዚህ ትሮጥ ነበር» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። «ቃል ግን ዝምድና አያውቅም።»

የፋብሪካው ጠበቃ ግቢው ውስጥ መኪናውን ተደግፎ ምክትሉን ይጠብቃል። ፍርድ ቤት አብሮት ሊሄድ ነው። ትናንት ከቀትር በፊት መጥቶ ከአባ ፍቺ ጋር ተጨቃጭቆ መሄዱን አልካደም።

«ሽማግሌው እንቢ አለኝ፣ ሄድኩ። ለምን እገድለዋለሁ እመቤቴ? የምፈልገው ፍቺ ድሮ ታትሞ በየመደብሩ አለ። የምክትሉ መጽሐፍ ነው፤ በወጣትነቱ ለብቻው ያዘጋጀው። የፍርድ ቤቱም ተርጓሚ የወሰደው ከዚያ ነው። ‹ሚሊታንት፦ ታጣቂ›። ሌላ ፍቺ የለውም!»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ይበቃኛል።»

መርማሪዋ ወደ ላይ ስትመለስ አዛዡ ወጣቷን አዘጋጅ ይዞ እያፋጠጣት ደረሰች። ትንሽዬ ልጅ ናት፤ የአራሚዋ ልጅ በሰንሰለት ታስራ የተነሳችውን ፎቶግራፍ ጠረጴዛዋ ላይ ለጥፋለች። አዛዡ የአራሚዋን ቃል ሰምቶ አሁን ሐሳቡን ቀይሯል፤ ለታሳሪዋ የተከራከረው ድምፅ የዚች ነው፣ ተናዳ ገደለችው ይላል።

«አንዴ እናትየዋ፣ አንዴ ይህቺ! ጠዋት አልቋል ስትለኝ አልነበር?» አለችውና ልጅቷን ወደ ኮሪደሩ ጥግ ወሰደቻት። አራሚዋ የሰማችውን ቃል በቃል ነገረቻት።

ወጣቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሼ ታጣቂ ብሎ ጮኸ? እንግዲያው ግልብጥ ላይ ነበሩ!»

«ግልብጥ ምንድን ነው?»

«አዘጋጆች በአንድ ቃል ላይ ካልተስማሙ ጎን ይቀያየራሉ። እኔ የማምነውን ያኛው ይከራከርልኛል፤ እሱ የሚያምነውን እኔ። ከልብ ነው የሚጮኸው፤ ሽንገላ የለም። ያሸነፈው ሐሳብ ይታተማል። ጋሼ ‹የባላጋራህን ኮት ካልለበስክ የት ጋ እንደሚጠብህ አታውቅም› ይል ነበር።»

«ለምን ለሠራተኛው አልተነገረም?»

«ያፍሩበታል እኮ! ሁለት ሽማግሌ በር ዘግተው ድራማ ሲሠሩ! ለእኔ የነገሩኝ አዘጋጅ ስለሆንኩ ነው።»

«አንቺና እሱ በዚህ ቃል ግልብጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ከተስማማን ምን ያከራክረናል? እኔና ጋሼ አንድ ነበርን።»

መርማሪዋ ትንሽ አሰበች።

«ጎን ሲቀያየሩ፣ ወንበርስ?»

«ወንበርም ይቀያየራሉ» አለች ልጅቷ፤ ብላም ፊቷ አመድ መሰለ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁሉም አባ ፍቺ ቢሮ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል። አራሚዋ ከፖሊሱ ጎን፣ ወጣቷ መጻሕፍቱን ተደግፋ፣ ጠበቃው ሰዓቱን እያየ፣ ምክትሉ በሩ አጠገብ ቆመዋል። መርማሪዋ ብቻዋን የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እንቸኩላለን» አለ ጠበቃው፤ «ዳኞች አይጠብቁም።»

«ሰውየው ግን እዚህ ሲሞት ሰው ቁጭ ብሎ ጠብቆታል። እስቲ ጥቂት ታገሠኝ።» እጇን ወደ ማዶ ዘረጋች። «ሟቹ የተገኘው እንዲህ ነው። የሚዘረጋው ወደ መሳቢያው ነበር፤ ግን ከዚህ ወገን አይደረስበትም። የራሱ ወንበር ባዶ ቢሆን ኖሮ ዞሮ ይሄድ ነበር። አልሄደም። ለምን? ከማዶ ሰው አለ፤ ያ ሰው ያቀብለኛል ብሎ አምኖ ነው እጁን የዘረጋው። እጅ የሚዘረጋው ለወዳጅ ነው።»

መርማሪዋ እጇን ሰበሰበች።

«ያ ሰው አላቀበለውም። መሳቢያውን ቆለፈና ቁልፉን ነቀለ። እንግዲህ ማን ነው? ከማዶ የተቀመጠው ሰው የእግር ሳጥኑን አሽቀንጥሮ ገፍቶታል፤ ጉልበቱ አላስገባ ብሎት። ረጅም ሰው ነው ማለት ነው። ይህቺ ልጅ ከሟቹም ታንሳለች፤ አራሚዋም እንደዚያው።»

«እኔም ረጅም ነኝ» አለ ጠበቃው፣ ሳይጠይቁት።

«ነህ። አንተ ግን ግልብጥ አታውቅም።» ግልብጥ ምን እንደሆነ በአጭሩ ነገረቻቸው። አራሚዋ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ግን ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። መርማሪዋ ቀጠለች። «አባ ፍቺ ታጣቂ እያለ የጮኸው ልቡ ተመልሶ አይደለም። የባላጋራውን ኮት ለብሶ ነው። እሱ የማያምንበትን ከጮኸ፣ ለልጅቷ የተሟገተውም የማያምንበትን እየተናገረ ነበር። አዛዡ ልጅቷን የሚወድ ሰው ፈለገ። መፈለግ የነበረበት ታጣቂ ናት የሚል፣ አዘጋጅ የሆነ፣ እግሩ ጠረጴዛ ሥር የማይበቃው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ቤት ስንት አለ?»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ምክትሉ አልሸሸም።

«ግምት ነው» አለ።

«አንድ ነገር ልጨምርልዎት። ልቡ ተመልሷል ሲሉ የአራሚዋን ጆሮ ምስክር ጠሩ። ግልብጥን ለዓመታት የተጫወቱ ሰው፣ ያ ጩኸት ምን እንደሆነ ከዚህች ልጅ ቀድመው ማወቅ ነበረብዎት። እሷ ገና ስነግራት ገባት። እርስዎ ለምን ዝም አሉ?»

ምክትሉ እጁን ኪሱ ከተተ፤ አዛዡ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። የወጣው ግን ትንሽ የመሳቢያ ቁልፍ ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ልጥለው ወንዝ ዳር ድረስ ሄጄ ነበር። እጄ እንቢ አለኝ» አለ። ድምፁ ያረጀ መሰለ። «መጽሐፉን ሳዘጋጅ የዚህች ወጣት አዘጋጅ ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ለቃሉ አንድ ፍቺ ብቻ ሰጠሁት። የተማረ ሁሉ በዚያ ተማረ፤ ስሜ እሱ ነው፣ ሌላ የለኝም። ትናንት ጎን ስንቀያየር ተከራከርኩ፤ በጣም ተከራከርኩ። እየተናገርኩ ሳለ እውነት መሆኑን አወቅኩት። እሱም አወቀብኝ። ‹አሸነፍከኝ ወንድሜ! ነገ ይህንኑ ቃል በቃል እነግራቸዋለሁ፤ የአንተንም መጽሐፍ እናርማለን› ብሎ ሳቀ። በእኔ አልሳቀም፤ ደስ ብሎት ነው። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሲር ሲር አለ። እጁን ዘረጋልኝ። ቁልፉ ጉልበቴ አጠገብ ነበር።»

«ምን ያህል ተቀመጡ?» አለች መርማሪዋ።

«እስኪያበቃ።»

ወጣቷ አዘጋጅ ጮክ ብላ አለቀሰች። አዛዡ ካቴናውን አውጥቶ የምክትሉን እጆች ወደ ፊት አሰረ። ጠበቃው ቦርሳውን አንስቶ፣ «እንግዲህ ከመዝገበ ቃላት ቤቱ የሚቀርብ ሰው የለም፤ ፍርድ ቤቱ በታተመው መጽሐፍ ይፈርዳል» አለ።

«እኔ እሄዳለሁ!» አለች ወጣቷ።

«አንቺ? ፎቶግራፏን ለጥፈሽ? ዳኞቹ ፊት ምን እንደምል ታውቂያለሽ።»

እውነቱን ነበር፤ ሁሉም አወቁት። የታሰረችውን ልጅ ለማዳን ገዳዩን ማግኘት አልበቃም። አራሚዋ ከቆመችበት ተንቀሳቀሰች። ፖሊሱ ሊይዛት ሲል መርማሪዋ በዓይኗ ከለከለችው። ሴትየዋ ሄዳ ምክትሉ ፊት ቆመች። ለዓመታት «እርስዎ» ስትለው የኖረች ሴት ናት።

«ከዚያ በር ኋላ የተናገርከው አንተ ነህ?»

አንገቱን ደፋ።

«ስለ ልጄ ከተነገረ ሁሉ የተሻለው ያ ነበር። ማን እንደሆነ ሳላውቅ መረቅኩህ፤ ጋሼን ረግሜ አንተን መረቅኩ!» አንድ እርምጃ ተጠጋችው። «ሂድና ለዳኞቹ ድገመው። ያ ክፉ መጽሐፍ የአንተ ነው፤ ተሳስቷል ብትል አንተን ማን ይከራከርሃል?»

«ነፍሰ ገዳይን ማን ያምናል?»

«ስለ ራስህ ብትናገር ማንም። በገዛ ስምህ ላይ ስትመሰክር ግን ያምኑሃል።»

ምክትሉ መርማሪዋን አያት፤ መርማሪዋ አዛዡን። አዛዡ ሊቃወም አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ዘጋው። ጣቢያውና ፍርድ ቤቱ አንድ መንገድ ላይ ናቸው።

«እሄዳለሁ» አለ ምክትሉ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

መኪናው ውስጥ እናትየዋ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። የታሰሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሲወርዱ ሸሚዙ ተከፍቶ፣ ኮሌታው ተገልብጦ፣ ፀጉሩ ተንጨባርሮ ነበር። ሴትየዋ አቆመችው። የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈችለት፣ ኮሌታውን ወደ ታች መለሰችው፣ በእጇ ምራቅ ነክታ ፀጉሩን አስተኛችለት። እያለቀሰች ነበር።

«ለምን እንዲህ ታደርጊልኛለሽ?» አለ።

«ለአንተ አይደለም» አለችው። «እንዲያምኑህ ነው።»